ፎቶግራፍ በጉባኤ ፊት

የፎቶግራፍ ማኅበር ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና የሚመጣው፣ ካሜራ ያላቸው ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ተጠራርተው ወደ ሐይቅ ዳር ወይም ወደ ተራራ የሚወጡበት፣ ጥቂት ፎቶ አንሥተው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ስለ ሌንስ ዋጋ ተጫውተው የሚመለሱበት የመዝናኛ ስብስብ ነው። እንዲህ ያለው ማኅበር በየአገሩ ሞልቷል፤ ነውርም የለበትም። ሆኖም ከቀደሙት ማኅበራት መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው፣ ከሽርሽራቸው ይልቅ በአንድ ሌላ ልማዳቸው ነው፤ እርሱም እያንዳንዱ አባል በገዛ እጁ ያነሣውንና ያጠበውን ፎቶግራፍ ይዞ መጥቶ፣ በባልንጀሮቹ ፊት ዘርግቶ፣ ምስጋናውንም ነቀፌታውንም እኩል አድምጦ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጉባኤ ነው። ለአንባቢ ላስተዋውቅ ያሰብሁት ይህን የሂስ ጉባኤ ነው።

ጉባኤው ያስፈለገው ከፎቶግራፍ ከራሱ ጠባይ የተነሣ ነው። ሠዓሊ አንድን ሥዕል ለመጨረስ ሳምንታት ስለሚፈጅበት፣ በሸራው ላይ ካለው ሁሉ እጁ ያላኖረው ነገር የለም፤ ፎቶ አንሺ ግን ምስሉን የሚያገኘው በሰከንድ ክፋይ በመሆኑ፣ ዓይኑ ያላስተዋለውን ሁሉ ካሜራው ሳይጠይቀው ይቀበለዋል። የሙሽራይቱን ፊት ብቻ እያየ ሳለ፣ ከራሷ ላይ እንደ ቀንድ የበቀለውን የመብራት ምሰሶ አያይም። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ያነሣው ሰው ፎቶግራፉን በተመለከተ ቁጥር ወረቀቱን ብቻ አለማየቱ ነው፤ በሌሊት ሲነሣ የነበረውን ብርድ፣ የወጣውን ዳገት፣ ሽማግሌው እሺ ብለው ፊታቸውን እስኪሰጡት ድረስ ያቀረበውን ልመና፣ ይህን ሁሉ አብሮ ያያል። ተመልካቹ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም፤ በፊቱ ያለው ብርሃንና ጽልመት የተካፈሉት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺ በራሱ ሥራ ላይ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ፍርዱ እምብዛም አይታመንም፤ ይህም ትዕቢተኛ ስለሆነ ሳይሆን ትዝታ ስላለው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማኅበራት ግን ስለ ሂስ ብዙም አልተጨነቁም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1853 በለንደን የተመሠረተውና በኋላ የንጉሣዊነትን ማዕርግ ያገኘው የፎቶግራፍ ማኅበር፣ በማግስቱም ዓመት በፓሪስ የተቋቋመው የፈረንሳይ አቻው፣ የሊቃውንትና የባለጸጎች ሸንጎ እንደ መሆናቸው፣ በስብሰባቸው የሚነበበው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኬሚካልና ስለ መስተዋት ነበር። ነገሩ የተለወጠው፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደረቅ የፎቶግራፍ መስተዋት ገበያ ላይ ከዋለና፣ በ1888 ደግሞ ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ ነው፤ ካሜራ በእጁ የገባለት ነጋዴና የቢሮ ሠራተኛ እየበዛ ሲሄድ በየከተማው ማኅበር ይቋቋም ጀመር። አባላቱም ሥራቸውን በመስተዋት ላይ አሳትመው፣ በምስል ማሳያ ፋኖስ ግድግዳ ላይ እያበሩ ያመሹ ነበር። ክፍሉ መጨለሙ ለተቺው ድፍረት የሚሰጥ፣ ለባለሥራውም የፊቱን መለዋወጥ የሚሸሽግ ስለሆነ፣ ለሁለቱም ወገን የተመቸ ሥርዓት ሳይሆን አልቀረም።

በእንግሊዝ አገር እስከ ዘመናችን የዘለቁ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው የዳኛ ምሽት ነው፤ ከሌላ ማኅበር የተጋበዘ ዳኛ መጥቶ፣ 50 በ40 ሴንቲሜትር በሆነ ካርቶን ላይ የተለጠፉት ፎቶግራፎች መብራት በበራበት ማቆሚያ ላይ አንድ በአንድ ሲቀርቡለት፣ ስለ እያንዳንዱ ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ ብዙ ጊዜ ከ20 የሚታሰብ ነጥብ ሰጥቶ ይሄዳል። ይህን ልማድ የሚወዱት ብዙዎች ናቸው፤ በእኔ ሐሳብ ግን ነጥብ ስለ ፎቶግራፉ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። 17 ያገኘው አባል 16 ካገኘው እንደሚበልጥ ያውቃል እንጂ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፤ እንዲያውም የዳኞቹን ምርጫ እያጠና፣ እነርሱ ከሚወዱት ደመናና በውኃ ላይ ከሚታይ ጥላ ሳይርቅ፣ ከዓመት እስከ ዓመት አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ እያመጣ ሲሸለም ሊኖር ይችላል። ዳኛውም ከዚያ ምሽት በኋላ ባለሥራውን ስለማያገኘው፣ የተናገረው ቃል ያፈራውን ፍሬ የሚያይበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው ልማድ በፖስታ የሚካሄደው ማኅበር ሲሆን፣ እርሱ እጅግ ደስ ያሰኘኛል። አባላቱ በልዩ ልዩ ከተማ የሚኖሩ፣ ምናልባትም ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊት ለፊት የማይተያዩ ሰዎች ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ሣጥን ይዞራል። ሣጥኑ የደረሰው አባል የሌሎቹን ፎቶግራፎች አውጥቶ ይመለከታል፣ ለእያንዳንዱም አስተያየቱን በስሙ ይጽፋል፣ የራሱን አዲስ ሥራ ጨምሮም ለሚቀጥለው ይልካል። ዙሩ ተፈጽሞ ሣጥኑ ሲመለስ፣ ባለሥራው የቀድሞ ፎቶግራፉን ከሁሉም ቃል ጋር ያገኘዋል። በአፍ የሚነገር አስተያየት ይቸኩላል፤ ጸሐፊው ግን ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ አንድ ሁለት ሌሊት ሊያሳድረው ይችላል፤ የጻፈውንም ማኅበርተኞቹ ሁሉ ስለሚያነቡት፣ ያለ ምክንያት «አልወደድሁትም» ብሎ ማለፍ ያሳፍረዋል።

የዚህ ጉባኤ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው ግን በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በ1936 የተቋቋመው «ፎቶ ሊግ»፣ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች በጥቂት መዋጮ ጨለማ ክፍል የሚያገኙበት፣ የሚማሩበትና ሥራቸውን በግድግዳ የሚሰቅሉበት ቤት ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነውና ትምህርቱን ይመራ የነበረው ሲድ ግሮስማን፣ ከፎቶግራፉ ብርሃንና አቀማመጥ አልፎ የአንሺውን ኅሊና ጭምር የሚመረምር፣ ቁጣውም የታወቀ መምህር ነበር፤ እጁ የሠለጠነ ሆኖ ልቡ የሌለበትን ሥራ አይታገሥም። በ1947 መገባደጃ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሊጉን ለመንግሥት ጠንቅ ናቸው ከተባሉት ድርጅቶች መዝገብ አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ አባላቱ እየተመናመኑ ሄደው ቤቱ በ1951 ተዘጋ። ልማዱ ግን ከቤቱ ጋር አልተዘጋም። በ17 ዓመቱ የሊጉ አባል የሆነው ሃሮልድ ፋይንስታይን በኋላ እርሱም በተራው ያስተምር ነበርና፣ ከቨርጂኒያ፣ ከሪችመንድ ከተማ የመጣ ሉዊስ ድሬፐር የሚባል ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ከእርሱ ዘንድ ገብቶ ተማረ።

ይህ ድሬፐር በ1963 ካሞይንጌ የተባለውን የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ መጽሔቶች ለጥቁር ፎቶ አንሺ በራቸውን የሚከፍቱት በጭንቅ ነበር፤ ስለ ሃርለም ሰፈር የሚያሳትሙት ምስልም አብዛኛውን ጊዜ ከድህነትና ከወንጀል አያልፍም። ሁለት ትንንሽ የወጣት ፎቶ አንሺዎች ቡድኖች ይህን ተመካክረው አንድ ሆኑና፣ በኅብረት የሚሠሩ ሰዎች የሚል ትርጉም ያለውን ስማቸውን ከኬንያ ከኪኩዩ ቋንቋ ወሰዱ፤ በዕድሜም በልምድም የሚበልጣቸውን ሮይ ዲካራቫንም የመጀመሪያ ዳይሬክተራቸው አደረጉት። ዲካራቫ የሃርለም ተወላጅ፣ በ1952 የጉገንሃይም የሥራ ድጎማ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶ አንሺ፣ በ1955ም ከባለቅኔው ከላንግስተን ሂውዝ ጋር ስለ ሃርለም ኑሮ አንድ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር።

ስብሰባው በዕለተ እሑድ፣ በአባላቱ መኖሪያ ቤት ይደረግ ነበር። ምግብ ይበላል፣ ጃዝ ይሰማል፣ ስለ ፊልምና ስለ ሥነ ጽሑፍ ክርክር ይነሣል፤ ፎቶግራፎቹም ወጥተው ይዘረጋሉ። በጉባኤው የነበሩት በኋላ እንደ መሰከሩት፣ ሂሱ ምሕረት አያውቅም ነበር። አንቶኒ ባርቦዛ ከማሳቹሴትስ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ሲገባ ገና 20 ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ይህ የእሑድ ሳሎን ሆነለትና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እስከ መሆን ደረሰ። በ1972 የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና የገባችው ሚንግ ስሚዝ፣ የኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዋን ለስብስቡ የወሰደላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፎቶ አንሺ ሆናለች። ከ1973 እስከ 1980 በአራት ቅጽ የታተመው የጥቁር ፎቶ አንሺዎች ዓመታዊ መጽሐፍም፣ የመጀመሪያውን ቅጽ መቅድም ቶኒ ሞሪሰን የጻፈችለት፣ ከዚሁ ማኅበር አባላት ጋር የተያያዘ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ነቀፌታ ለምን ታገሡት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ ከማዕዱ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሥራህ ከሲታ ነው ብሎ የሚናገረው ሰው አሁን አብሮህ የበላ፣ በሚመጣው እሑድም አብሮህ የሚበላ፣ የራሱንም ፎቶግራፍ ከአንተው ጎን የዘረጋ ነው፤ አንተን ነቅፎ ሳይጨርስ የእርሱ ተራ ይደርሳል። በዚህም ላይ፣ በታላላቆቹ መጽሔቶች ቢሮ የጥቁርን ፎቶ አንሺ ሥራ ከልቡ አገላብጦ የሚያይ አዘጋጅ በማይገኝበት ጊዜ፣ አንድን ወረቀት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይዞ የሚከራከር ባልንጀራ ማግኘት፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢመርር፣ ክብር እንጂ ውርደት አልነበረም። ይህን ሳያስተውሉ፣ ማዕዱንና ወዳጅነቱን ትተው ምሬቱን ብቻ የሚቀዱ ማኅበራት አጋጥመውኛል፤ በጥቂት ወር ውስጥ ወንበሮቹ ባዶ ይሆናሉ።

የእኛን አገር የቅኔ ቤት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ተማሪው ቀን ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት፣ በባልንጀሮቹ መካከል ያሰማል፤ ቤቱ ሞልቶ ምሥጢሩ ቢጎድል፣ ሰሙ ሠምሮ ወርቁ ቢታጣ፣ መምህሩ እዚያው ያቃናዋል፤ የአንዱ መታረምም ለተቀመጡት ሁሉ ትምህርት ይሆናል። በፎቶግራፉም ጉባኤ እንዲሁ፣ ብዙ ጊዜ የበለጠ ተምሮ የሚሄደው በዚያ ምሽት ምንም ሥራ ሳያመጣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ነው፤ የራሱ ልብ ስላልተነካ የሁሉን ቃል በሰላም ይሰማልና። ልዩነቱ፣ በማኅበሩ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር መምህር አለመኖሩ ነው።

ሂሱ የሚጀምረው ከመናገር በፊት ነው። «አፐርቸር» የተባለውን የፎቶግራፍ መጽሔት በ1952 ከባልንጀሮቹ ጋር መሥርቶ ያዘጋጅ የነበረው ማይነር ዋይት፣ ተማሪዎቹን በአንድ ፎቶግራፍ ፊት በጽሙና ረዘም ላለ ጊዜ ያስቀምጣቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት የሚነገረው ቃል ከዓይን ሳይሆን ከልማድ የሚወጣ መሆኑን ያውቃልና። ከዝምታው በኋላ የሚጠቅመው የመጀመሪያ ንግግር ፍርድ ሳይሆን ምስክርነት ነው። አንድ አባል የጫማ ጠራጊ ልጅ ፎቶግራፍ አመጣ እንበል። «ቆንጆ ነው» ያለው ሰው ምንም አልሰጠውም፤ «ደካማ ነው» ያለውም እንዲሁ። «ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው በግራ ጥግ ወዳለው ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ልጁን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብሩሹን የያዘበትን እጁን ግን ወደድሁት፣ ሥራ የለመደ እጅ መሆኑ ያስታውቃል» ያለው ግን ባለሥራው ከቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ነገረው፤ ትዝታ የሌለው ዓይን በዚያ ወረቀት ላይ የሄደበትን መንገድ አሳየው። ምስጋናውም እንደ ነቀፌታው ቦታው ተለይቶ መነገሩን አንባቢ ልብ ይበል፤ ምን እንደ ሠመረለት ያልተነገረው ሰው፣ ሌላውን አርማለሁ ሲል መልካሙንም አብሮ ያጠፋዋል።

ቀጥሎ የሚለየው፣ በጨለማ ክፍል የሚታረመውና የማይታረመው ነው። ነጩ ሸሚዝ በማጉሊያው ሥር ብርሃን ተጨምሮለት ሊጠቁር፣ ወይም ከጠርዙ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ይህን ተቺው ሊመክር ይገባዋል። የልጁ ፊት በደንበኛው ጉልበት የተጋረደ እንደ ሆነ ግን፣ ለዚያ ፎቶግራፍ መድኃኒት የለውም፤ የሚጠቅመው ምክር ለሚቀጥለው ቀን ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ መቆም፣ ወይም ልጁ ቀና እስኪል መታገሥ። የማይታረመውን ነገር በዚያው ሥራ ላይ ደጋግሞ መውቀስ፣ የሞተውን እንደ መገሠጽ ነው።

በእኛ ሰፈር ያለው ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ የቃል ማነስ እንጂ የቃል መብዛት አይደለም። ይሉኝታ ይዞን በጉባኤው ላይ «ግሩም ነው፣ በርታ» ብለን እናልፍና፣ ደረጃውን ስንወርድ ለጎረቤታችን «ምኑን ፎቶ አለው!» እንላለን፤ ለባለሥራው ሊደርስ ይገባ የነበረው ተግሣጽ በመንገድ ላይ ሐሜት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ያየሁት አንድ ቀላል ሥርዓት አለ፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ በፎቶግራፉ ላይ በጣቱ የሚያመለክተው አንድ ቦታ ሳይኖረው እንዳይናገር ማድረግ ነው። ጣት ወረቀቱን ሲነካ ንግግሩ ከሰውየው ይርቃል፤ ይሉኝታውም ይቀልላል።

ስለ ተቀባዩ ብዙ ማለት አያሻም፤ ሥራው ዝምታ ነውና። ባልንጀሮቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ ባለሥራው እንዳይናገር የሚከለክሉ ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ ክልከላው ጨካኝ ቢመስልም ምክንያት አለው። ፎቶግራፉ ነገ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ወይም በመጽሔት ሲታተም ባለቤቱ ከጎኑ ቆሞ «ያን ቀን እኮ ዝናም ነበር» ብሎ ሊያስረዳለት አይችልም። ስለዚህ በጉባኤውም አያስረዳለት፤ እርሳስና ወረቀት ይዞ የተባለውን ይጻፍ። ሲጽፍም ሁለት ነገር ይለይ፤ ሰዎች ችግሩን ሲናገሩ ብዙ ጊዜ እውነት አላቸው፣ መፍትሔውን ሲናገሩ ግን ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ፎቶግራፍ እየሠሩ ነው። ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ አንዱን ጥግ ካመለከቱ፣ ጥጉ በእርግጥ የታመመ ነው፤ አንዱ ቁረጠው፣ አንዱ አጥቁረው፣ አንዱ ተወው ቢሉ ግን፣ የሚቆርጠው ባለቤቱ ነው። ቤቱም ሲደርስ ከዚያው ፊልም የቀሩትን ምስሎች እንደገና ይያቸው፤ ሊያሳይ የመረጠውን የመረጠለት ዓይኑ ሳይሆን ትዝታው ሆኖ፣ የተሻለው ከጎኑ ተጥሎ ይገኝ ይሆናል።

ሁሉንም ሰምቶ አለመቀበልም ከመቀበል ሥርዓት ይቈጠራል። ዲካራቫ በ1953 ያነሣው «ኮሪደር» የተባለ ፎቶግራፍ አለ፤ በውስጡ ሰው የለም፣ የድሆች መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ ብርሃኑም ደብዛዛ ሆኖ ግድግዳዎቹ ወደ ጽልመት ይሰምጣሉ። ከነጭ እስከ ጥቁር ያለው እርከን ሁሉ በወረቀቱ ላይ እንዲታይ የሚሻ የማኅበር ዳኛ ይህን ሥራ ቢያገኝ፣ «ጠቁሯል፣ እንደገና ይታጠብ» ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጠው ይመስለኛል። ጽልመቱ ግን የእጅ ስሕተት አልነበረም፤ ዲካራቫ በልጅነቱ ያወቃቸውን መተላለፊያዎች እንደ ነበሩ ያየበት ዓይን ነው፤ እንዲህ ያለው ጥልቅ ጥቁር ቀለም በኋላ በብዙዎቹ የካሞይንጌ አባላት ሥራም ይታያል። እንዲህ ባለው ፎቶግራፍ ፊት ሂሰኛው ከመፍረዱ በፊት «ይህን ያህል እንዲጠቁር የፈለግኸው አንተ ነህን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ የዝምታው ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ ብቻ ይፈታል። ባለሥራውም አዎን ብሎ በሐሳቡ ከጸና፣ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ያንኑ ወረቀት ብቻ ይዞ ከሚመለስ፣ ኔጋቲቩን እንደገና ማጉሊያው ውስጥ አስገብቶ፣ አንዱን ባልንጀሮቹ እንዳሉት አንጥቶ፣ ሌላውን እንደ ነበረ አጥቦ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢዘረጋ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ሰውየው እልከኝነት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሁለቱ ወረቀቶች ይሆናል።